በ44 ዓመቴ ዋና ጀመርኩ፦ ድሬ ውስጥ ባለ አንድ የሆቴል ገንዳ የሦስት ወር ቆይታዬ

በሩ ላይ ስደርስ መጀመሪያ የጠየቅኩት ዋጋውን አልነበረም። "ጥልቀቱ ስንት ነው?" አልኩ። ጥበቃው ግራ ገባው። ዞሮ አስተናጋጁን ጠየቀ። አስተናጋጁም አያውቅም። "አቦ ግቢና እዪዋ!" አሉኝ ሁለቱም። ገባሁ። ገና ማለዳ ስለነበር ውሃውን ማንም አልነካውም። ሰማያዊ ነው፣ ዝም ብሏል። እኔ ግን ዳር ላይ ቆሜ ጉልበቴ ራደ።

ይህ የሆነው የካቲት መጨረሻ ላይ ነው። አሁን ግንቦት እያለቀ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት እዚያ ነኝ። የቀረሁት ሁለት ቀን ብቻ ነው፤ አንዴ ለለቅሶ፣ አንዴ ለፈተና እርማት። ስለዚህ የምጽፈውን ሁሉ ቀምሼው ነው።

የሆቴሉን ስም አልጠራም። ደግ ደጉን ብቻ ሳይሆን ጉድለቱንም ስለምናገር ስም ባይነሳ ይሻላል። የምጽፈው ለአንድ ዓይነት ሰው ነው፤ ዕድሜው ለገፋ፣ ዋና ጨርሶ ለማይችል፣ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ደርሶ መልስ መዋኘት ለሚመኝ። ለመዝናናት፣ ዳር ተቀምጦ ጁስ ለመጠጣት የሚሄድ ሰው የኔን አስተያየት አይፈልግም። ወንበሮቹ ምቹ ናቸው፣ ጁሱም ጥሩ ነው፣ አበቃ።

የኬሚስትሪ መምህር ነኝ። ከሃያ ዓመት በላይ ሰሌዳ ፊት ቆሜያለሁ። ጉልበቴ አሁን አሁን ደረጃ ስወጣ ይጮኻል። ሐኪሙ ክብደት የማይጫነው እንቅስቃሴ ፈልጊ አለኝ። ውሃ ሰውነትን ስለሚሸከም ዋና ብትሞክሪ አለ። እሺ ብዬ ወጣሁ። ከዚያ አንድ ዓመት ሙሉ ምንም አላደረግኩም።

ፍርሃቴ ምክንያት ነበረው። ያደግኩት ደቻቱ ዳር ነው። ድሬን የማያውቅ ሰው ደቻቱ ወንዝ ነው ሲሉት ውሃ ይፈልጋል። ደቻቱ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ደረቅ አሸዋ ነው። ከዚራና መጋላ የሚባሉትን ሰፈሮች ይከፍላል፤ ሰው ያቋርጠዋል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ላይ ተራራው ላይ ዝናብ ሲጥል ግን ከተማው ጠብታ ሳያይ ጎርፉ ይደርሳል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሌሊት የመጣው ከሁለት መቶ በላይ ሰው ወስዷል። ያኔ የ25 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ድምፁ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። የውሃ ድምፅ አይመስልም፤ ድንጋይ ከድንጋይ ሲፋጭ ነው የሚሰማው። ከዚያ ሌሊት ወዲህ ፊቴን ውሃ ውስጥ ነክሬ አላውቅም። ስታጠብ እንኳ በእፍኜ ነው።

አንድ ነገር ግን ልበል። ዋና መቻል ከዚያ ዓይነት ጎርፍ አያድንም። ግንድና ድንጋይ ይዞ የሚመጣ ነገር ዋናተኛ አይመርጥም። ላይ ደመና ሲጠቁር ከአሸዋው መውጣት ነው ያለው። እኔ የፈለግኩት ከጎርፍ ማምለጥን አይደለም። ፍርሃቱ እንዲለቀኝ ነው።

ከዚህ ገንዳ በፊት ሌላ ቦታ ሞክሬ ነበር። እዚያ ያገኘሁት አሰልጣኝ በሁለተኛው ቀን ጥልቁ ጋ ወሰደኝና "ዝለይ፣ ሰውነትሽ ራሱ ይማራል" አለኝ። እኔ አልዘልም ስል እጄን ይዞ ሳበኝ። ውሃ ጠጣሁ። ለሳምንት ያህል ሌሊት ሌሊት እየባነንኩ ነቃሁ። ገንዘቤን አልመለሱልኝም። ዕድሜያችሁ ምንም ይሁን፣ አሰልጣኛችሁ በመጀመሪያው ሳምንት ጥልቁ ውስጥ ዝለሉ ካላችሁ ልብሳችሁን ሰብስባችሁ ውጡ። ሰውነት እንዲያ አይማርም። ሰውነት እንዲያ የሚማረው መፍራትን ነው።

አሁን ወዳለሁበት ልመለስ።

ሆቴሉ ገንዳው 25 ሜትር ነው ይላል። አላመንኩም። ግንበኛ ወንድሜን ሜትር ተዋስኩና አንድ ጠዋት ለካሁት። ርዝመቱ 20 ሜትር፣ ወርዱ 8 ነው። ጥልቀቱ ከ1 ሜትር ይነሳና ሌላኛው ጫፍ ላይ 2 ይደርሳል። ለውድድር የሚሠሩ ገንዳዎች 50 ወይም 25 ሜትር ናቸው። የኛዋ ሁለቱንም አይደለችም። ይህ ለጀማሪ ጉዳት የለውም፤ እንዲያውም አጭር ገንዳ ደግ ነው። ትንፋሽ ሳያልቅ ጠርዝ ይደርሳል። ግን የሌለውን 25 ብሎ መናገር ልክ አይደለም። ርቀቱን የሚቆጥር ሰው 4 ርዝመት ዋኝቶ 100 ሜትር ሞላሁ ሲል የዋኘው 80 ነው። መቶ ለመሙላት አምስተኛውን መዋኘት አለበት። ያኔ ደግሞ ፎጣውን ከተወበት ማዶ ነው የሚያልቀው።

በሆቴል ገንዳ ተምሮ የት ይደረሳል ለሚሉኝ የምነግራቸው አንድ ታሪክ አለ። በ2000 እ.ኤ.አ. ሲድኒ ኦሊምፒክ ላይ ከኢኳቶሪያል ጊኒ የመጣ ኤሪክ ሙሳምባኒ የሚባል ልጅ 100 ሜትር ነጻ ቀዘፋ ተወዳደረ። አገሩ ውስጥ የተለማመደው በሆቴል ገንዳ ነበር። 50 ሜትር ገንዳ ያየው ሲድኒ ሲደርስ ነው። አብረውት የተመደቡት ሁለቱ ቀድመው በመነሳታቸው ተሰረዙና ብቻውን ዋኘ። በ1 ደቂቃ ከ52.72 ሰከንድ ጨረሰ። የመጨረሻዎቹን ሜትሮች በሕዝቡ ጭብጨባ ነው የጨረሳቸው። እኔ ያንን ልጅ ሳስብ ዓይኔ እንባ ያቀራል። ሁለተኛዋን ዙር መልስ ምን ያህል ከባድ እንደሆነች አሁን አውቃለሁና።

ውሃው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሙያዬ ስለሆነ።

ብዙ ሰው ገንዳው "ክሎሪን ክሎሪን ይሸታል፣ ስለዚህ ንጹሕ ነው" ይላል። እንዲያውም ተቃራኒው ነው። ያ ዓይን የሚያቃጥል ሽታ የሚመጣው ክሎሪኑ ከላብና ከሽንት ጋር ተዋሕዶ ሌላ ውሁድ ሲፈጥር ነው። ክሎራሚን ይባላል። በደንብ የተያዘ ገንዳ ብዙም አይሸትም። ስለዚህ አዲስ ገንዳ ስትሄዱ መጀመሪያ በአፍንጫችሁ ፈትሹት። ቀጥሎ በዓይናችሁ። ጥልቁ ጫፍ ላይ ቆማችሁ ታች ያለው ሴራሚክ መስመሩ ቁልጭ ብሎ ካልታያችሁ አትግቡ። የሰጠመ ሰውም እንደዚያው አይታይም ማለት ነው።

እኔ ከውጭ አገር ያለችው እህቴ የላከችልኝ መፈተሻ ወረቀት አለኝ። ውሃው ውስጥ ነከር ታደርጉታላችሁ፣ ቀለሙ ይቀየራል፣ ከሠንጠረዡ ጋር ታስተያያላችሁ። ፒኤች፣ ማለትም ውሃው ምን ያህል አሲድ ወይም ቤዝ እንደሆነ የሚያሳየው ልክ፣ ከ7.2 እስከ 7.8 ቢሆን ጥሩ ነው። ክሎሪኑ ደግሞ በሊትር ከ1 እስከ 3 ሚሊግራም። በየሳምንቱ ሰኞ እለካ ነበር። ብዙውን ጊዜ 7.6 አካባቢ አገኛለሁ። አንድ ሰኞ ብቻ ከ8 አለፈ። ያን ቀን ከወጣሁ በኋላ ዓይኔ እስከ ማታ ቀላ። ፒኤች ከፍ ሲል ክሎሪኑ ቢኖርም ጀርም የመግደል አቅሙ ይደክማል። ለገንዳ ሠራተኛው ወረቀቱን አሳየሁት። አልተቆጣም፣ "ቲቸር፣ እስቲ እንዴት ነው የሚነበበው?" አለኝ። አስተማርኩት። አሁን ሰኞ ስመጣ ቀድሞ ለክቶ ይጠብቀኛል። ለዚህ ገንዳ ትልቁን ምስጋና የምሰጠው ለዚህ ልጅ ነው።

የድሬ ውሃ ከከርሰ ምድር የሚወጣ ነው፣ ኖራ ይበዛዋል። ማንቆርቆሪያችሁን ግልጥ አድርጋችሁ እዩ። ገንዳውም እንደዚያው ዳር ዳሩ ነጭ ቅርፊት ይይዛል። ቆሻሻ አይደለም። ግን ሻካራ ስለሆነ እግር ይቧጥጣል። ሁለቴ አውራ ጣቴ ደምቷል። በየጊዜው መፈግፈግ አለበት።

ሌላው ፀሐይ ነው። የፀሐይ ጨረር ክሎሪንን ይበትነዋል። የድሬን ፀሐይ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ማታ የተጨመረው ክሎሪን ጠዋት ላይ አለ፤ ከቀትር በኋላ በጣም ይሳሳል። በዚያ ላይ ከሰዓት የሚገባው ሰው ብዙ ነው። ጠዋት ሂዱ የምለው ለብርዱ ብቻ አይደለም።

ስለ ውሃው ካነሳሁ አይቀር ሕሊናዬን የሚቆጠቁጠኝን ልናገር። ገንዳው ውስጥ 240 ሺህ ሊትር ገደማ ውሃ አለ። በ20 ሊትር ጀሪካን ቢቆጠር 12 ሺህ ጀሪካን ነው። እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ጠይቄያለሁ። ውሃው በማጣሪያ እየዞረ ስለሚጸዳ በየቀኑ አይቀየርም፣ የሚጨመረው በትነት የጎደለው ነው ብለውኛል። እውነትም አሠራሩ እንዲያ ነው። ይህ ማለት ግን ያንን ውሃ የማቆሸሽ መብት የለንም ማለት ነው። ከመግባታችሁ በፊት ታጠቡ። ሁላችሁም። ላባችሁን፣ ሽቶአችሁን፣ የፀጉር ቅባታችሁን ይዛችሁ አትግቡ። ቅቤ የተቀባችሁ ቀን ደግሞ በቃ ቤት ዋሉ።

አሰልጣኜ ሃያ ምናምን ዓመት ልጅ ነው። ዋና የለመደው ጅቡቲ አጎቱ ጋ ባሕር ላይ ነው። "ቲቸር" ይለኛል፣ ሲመቸው "አቦ ቲቸርዬ"። ድሬ ላይ አንቱታ ማንንም አያስጨንቅም፤ በልጄ ዕድሜ ያለ ልጅ አንቺ ሲለኝ ደስ ይለኛል። በመጀመሪያው ቀን ገንዳው ውስጥ አላስገባኝም። ዳር ላይ አስቀምጦ እግሬን ብቻ አስነከረኝና "ምንድን ነው የምትፈሪው?" አለ። ደቻቱን ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ "እሺ፣ እኔ ሳልነግርሽ እጅሽን ከጠርዙ አትለቂም። ቃል ነው" አለኝ። ቃሉን ጠብቋል።

ሁለተኛው ቀን ላይ የሆነውን በዝርዝር ልንገራችሁ፣ ሁሉም ነገር ያለው እዚያ ላይ ነውና። ውሃው ደረቴ ጋ ነው። ጠርዙን በሁለት እጄ ጨብጫለሁ። አገጬን ነከርኩ። ከንፈሬን ነከርኩ። አፍንጫዬ ጋ ሲደርስ ቀጥ አልኩ። ትንፋሼን አምቄ፣ ጉንጬን ነፍቼ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ለአንድ ሰከንድ ያህል ጠልቄ ብድግ። ደረቴ ሊፈነዳ ነው። "አየር አጠረኝ" አልኩት። "አላጠረሽም" አለ። "ሞልቶብሽ ነው። አውጪው።" ከዚያ "ጀበና ሲፈላ ሰምተሻል?" አለኝ። "አፍሽን ዝጊ። በአፍንጫሽ ም… እያልሽ ግቢ። ልክ እንደ ጀበና ቡልቅ ቡልቅ ይበል። ድምፁ ካልተሰማኝ አልቆጥርልሽም።"

ም… ብዬ ገባሁ። አረፋው በጉንጬ በኩል እየኮረኮረኝ ወጣ። የራሴን ድምፅ ከውሃው ውስጥ ሰማሁት። ሌላ ድምፅ አልነበረም። የድንጋይ ፍጭት አልነበረም። ብድግ ስል አየሩ ሳልጠራው ራሱ ገባ። "አንድ" አለ አሰልጣኜ። ያን ቀን ሠላሳ አስቆጠረኝ። ቤቴ ስገባ ባለቤቴ "ምን ሆነሻል፣ ፊትሽ ያበራል" አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትንፋሽ ስናምቅ የሚያስጨንቀን በመጀመሪያ ደረጃ የኦክስጅን ማነስ አይደለም። ደማችን ውስጥ የሚከማቸው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። አእምሮ እሱን ነው የሚለካው፤ ሲበዛ "ተንፍስ!" ብሎ ይጮኻል። ጀማሪ ሰው ውሃ ውስጥ አየሩን አምቆ ይይዛል። ፊቱን ወደ ጎን ሲያዞር በዚያች ቅጽበት ማስወጣትም ማስገባትም አለበት። አይደርስም። ሁለት ሦስት ጊዜ እንዲያ ካደረገ ይደነግጣል፣ ይቆማል፣ "አቅም የለኝም" ይላል። አቅም አላነሰውም። ያወጣው አየር ነው ያነሰው። ውሃ ውስጥ እያወጣችሁ ከቆያችሁ ከላይ የሚቀረው ማስገባት ብቻ ነው።

ይህንን ያልገባው ሰው ክንዱ ብረት ቢሆን ሁለት ርዝመት አይዋኝም። ስፖርት ቤት የሚውሉ ወጣቶች መጥተው በ15 ሜትር ሲቆሙ አይቻለሁ። ጎኔ ያለችው የቀፊራ ገበያ ነጋዴ፣ ሃምሳ ዓመት የሚሆናት፣ ክብደቷም ከኔ በጣም የሚበልጥ፣ ቀስ ብላ ስትሄድ ስትመለስ ሁሉም ዞሮ ያያታል። ትንፋሽዋ ገብቷታል።

የቀረውን ባጭሩ ልንገራችሁ። ሁለት ሳምንት ትንፋሽና መንሳፈፍ። በሦስተኛው ግድግዳውን በእግር ገፍቶ እንደ ዘንግ ተዘርግቶ መንሸራተት። ከዚያ ተንሳፋፊውን የፎም ሰሌዳ ይዞ እግር መምታት። እኔ ከጉልበቴ እየመታሁ ብስክሌት የምነዳ ነበር የምመስለው። እግር የሚመታው ከዳሌ ነው፤ ጉልበት ላላ ብሎ ይከተላል። ሌላው ራስ ነው። ወደፊት ለማየት ቀና ባልኩ ቁጥር እግሬ ይሰምጥ ነበር። ራስ ሲነሳ እግር ይወርዳል፣ እንደ ሚዛን። ታች ያለውን ወለል እዩ። ለመተንፈስ ደግሞ ራስ አይነሳም፣ ከትከሻ ጋር ይዞራል። አንዱ ጆሮ ውሃ ውስጥ ይቀራል።

ወለሉ ላይ መሃል አካባቢ የተሰነጠቀ ሴራሚክ አለ። ስንጥቁ ሹካ ይመስላል። ለሁለት ሳምንት እዚያች ሴራሚክ ላይ ስደርስ እቆም ነበር። ሚያዝያ ውስጥ አንድ ረቡዕ ም… እያልኩ አለፍኳት። ከታች ወለሉ ሲርቅ አየሁት። ሌላ ጊዜ ቢሆን እደነግጥ ነበር። ያን ቀን እየቆጠርኩ ስለነበር ቁጥሩን መጨረስ ብቻ ነው ያሰብኩት። እጄ ግድግዳ ነካ። 20 ሜትር። አሰልጣኜ ዳር ላይ ሆኖ ፎጣዬን እንደ ባንዲራ ያውለበልባል።

ዛሬ ላይ በአንድ ሰዓት ውስጥ እያረፍኩ አሥር ርዝመት እዋኛለሁ። ሳልቆም የምችለው አራት ነው፤ ሁለት ደርሶ መልስ። ከሦስት ወር በኋላ ይህ ብቻ ነው ወይ ለሚል፣ አዎ፣ ይህ ነው። በየርዝመቱ መሃል ጠርዝ ይዞ አሥር ጊዜ መተንፈስ ነውር የለውም። ጉልበቴስ? ደረጃ ስወጣ አሁንም ይሰማኛል፤ ግን ጠዋት ከአልጋ ስነሳ መያያዙ ቀርቷል።

ሴቶች ለብቻ የሚጠይቁኝ ነገር ስላለ እሱን ልመልስ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ቢበዛ አምስት ሰው ነው ያለው። የሚያፈጥ የለም። እኔ እስከ ጉልበት የሚደርስ የዋና ልብስ ነው የምለብሰው። የቀፊራዋ ጓደኛዬ መጀመሪያ በጥጥ ቀሚስ ልግባ ስትል ከለከሏት። ተናዳ ነበር፣ እኔም አብሬ ተናድጄ ነበር። ኋላ ግን ምክንያቱ ገባን። ጥጥ ውሃ ይጠጣል፣ ይከብዳል፣ እግር ላይ ይጠመጠማል፣ ክሩም ማጣሪያውን ይዘጋል። የዋና ጨርቅ ከሆነ ግን ሙሉ በሙሉ መሸፈን ይቻላል። ከጅቡቲ ሙሉ የሆነ ቡርኪኒ አስመጣች፣ ማንም ምንም አላላትም። ይህንን በሩ ላይ በወረቀት ጽፈው ቢለጥፉት ኖሮ ያ ሁሉ ንትርክ አይኖርም ነበር።

ፀጉራችሁን ከመግባታችሁ በፊት በንጹሕ ውሃ አርሱት። የራሰ ፀጉር የገንዳውን ውሃ ብዙ አይመጥም። ሹሩባ ከሆናችሁ ሰፊ ኮፍያ ግዙ፤ ጠባቡ ራስ ያሳምማል። መነጽርና ኮፍያ እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያ አግኝቻለሁ። መነጽሩን ማሰሪያውን ሳትለብሱ ዓይናችሁ ላይ ጫን አድርጋችሁ ሞክሩት፤ ለቅጽበት ተጣብቆ ከቀረ ልካችሁ ነው። ወዲያው ከወደቀ ውሃ ያስገባል።

የሴቶች መቀየሪያ ክፍል ንጹሕ ነው። ግን መንጠቆ የለውም። ሦስት ወር ሙሉ ቦርሳዬን እርጥብ ወንበር ላይ ነው የማስቀምጠው። ሻወሩ ደግሞ ውሃ በማይመጣበት ቀን በባልዲ ነው።

ዋጋ። ለአንድ ቀን መግቢያ 300 ብር ነው፣ ቅዳሜና እሁድ 400። የጠዋት ወርሃዊ፣ 12 ቀን፣ 2,800 ብር ከፍዬበታለሁ። አሰልጣኙ ለብቻው ነው፣ በሰዓት 250። ሁለት ሆናችሁ ከመጣችሁ ይካፈላል፣ እኔና የቀፊራዋ እንዲያ ነው የምናደርገው። ለመምህር ደመወዝ ቀላል አይደለም። ቢሆንም ለአሰልጣኙ የከፈልኩት አንድም ብር አይቆጨኝም። መጀመሪያ ላይ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ስልኩን መነካካት ያበዛ ነበር። "እኔ ክፍል ውስጥ ስልክ እቀማለሁ" አልኩት። ከዚያ ወዲህ ቦርሳው ውስጥ ያስቀምጠዋል።

ቅዳሜና እሁድ አትሂዱ። ለመዋኘት ማለቴ ነው። ልጆች ይዘላሉ፣ ሙዚቃው ይጮኻል፣ ቀጥ ያለ መስመር አይገኝም። ቢራ ጠጥቶ የሚገባም አይቻለሁ፤ አስተናጋጆቹ ዝም አሉት። ዝም ማለት አልነበረባቸውም።

አሁን ወደ ከባዱ ጉድለት ልግባ። ገንዳው እስከ መሃሉ ድረስ ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው። ከዚያ ድንገት ቁልቁል ይሆናል። እዚያ ጋ ገመድ አልነበረም። ዳር ላይ የተጻፈው የጥልቀት ቁጥርም ደብዝዟል። በአራተኛው ሳምንት አሰልጣኜ ከመምጣቱ በፊት ብቻዬን ገብቼ በእግሬ ስራመድ ነበር። አንድ እርምጃ ስጨምር ወለሉ ጠፋ። የነፍስ አድን ሠራተኛ የሚባለው ያን ሰዓት ፎጣ ሊያመጣ ወደ ውስጥ ገብቷል። ሁለቱንም ሥራ ያሠሩታል። ያወጣኝ ም… ነው። ሳልደነግጥ አየሬን አወጣሁ፣ በጣቴ ወለሉን ገፋሁ፣ ጠርዙን ያዝኩ። ምናልባት አምስት ሰከንድ ነው። ግን ያ የሆነው በመጀመሪያው ሳምንት ቢሆን ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር።

ሥራ አስኪያጁ ጋ ሄድኩ። በትሕትና አነጋገረኝ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀይና ነጭ ተንሳፋፊ ያለው ገመድ ተሰቀለ። ቁጥሩም በጥቁር ቀለም እንደገና ተጻፈ። በጣም ደስ አለኝ፣ ለባልደረቦቼ ሁሉ ተናገርኩ። ሐረር የምታስተምር ጓደኛዬ፣ እዚያ ጠዋቱ ስለሚበርዳት ቅዳሜ ቅዳሜ ድሬ የምትወርድ፣ ልጆቿን ይዛ መጣች።

ከዚያ ግንቦት መጀመሪያ ላይ ገንዳው ዳር የልደት ዝግጅት ነበር። ለፎቶ እንዳይከለክል ገመዱ ተነሳ። ሰኞ ስመጣ አልተመለሰም። ረቡዕም። ዓርብም። ሠራተኛውን ስጠይቀው "ዛሬ ነገ" ይለኛል። ይህን በምጽፍበት ቀን ገመዱ መቀየሪያ ክፍሉ በር ጋ ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

ለሚቀጥለው ወር ክፍያዬን ፈጽሜያለሁ። ውሃው ጥሩ ነው፣ ሠራተኛው ይለካል፣ አሰልጣኜም እዚያ ነው። ስከፍል ሥራ አስኪያጁ ክረምት ላይ ገንዳውን አፍስሰን ያን የተሰነጠቀ ሴራሚክ እንቀይራለን አለኝ። ሴራሚኩ ይቆይ፣ ገመዱን ዛሬ ስቀሉት አልኩት። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሄጄ አያለሁ።